መነሻው ጉበት፣ ጉዳቱ ሳንባ፤ በዘር የሚተላለፈው የአልፋ-1 እጥረት

እ.ኤ.አ. በ2016 ጥቅምት ወር ላይ ነው። በደቡብ ስዊድን በምሠራበት የሳንባ ሕክምና ክፍል አንድ የ41 ዓመት አናጺ ወደ እኔ ተልኮ መጣ። ሰውየው ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን አጭር ርቀት ተራምዶ ከተቀመጠ በኋላ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ድረስ መናገር አልቻለም። ይዞት የመጣው የሕክምና ማስረጃ ለ8 ዓመታት የአስም በሽተኛ ተብሎ ሲታከም መቆየቱን ይናገራል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች ተቀያይረውለታል፤ ኪኒን ወስዷል፤ «የእንጨቱ ብናኝ ነው» ተብሎ ሥራ እንዲቀንስም ተመክሯል። ለ15 ዓመታት ሲያጨስ ኖሮ ሲጋራ ካቆመ ገና 5 ዓመቱ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አንዲት ቀላል የደም ምርመራ ያዘዘለት ሐኪም አልነበረም።

ስፓይሮሜትሪ በተባለው የትንፋሽ መለኪያ ስንመረምረው፣ በመጀመሪያው ሰከንድ ከሳንባው ማስወጣት የቻለው አየር በእሱ ዕድሜና ቁመት ካለ ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው 34 በመቶው ብቻ ነበር። የአየር ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት ከሳበ በኋላም ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። አስም ቢሆን ኖሮ መሻሻል ይጠበቅ ነበር። በሲቲ ስካን ሲታይ ደግሞ ይበልጥ የተጎዳው የሳንባው የታችኛው ክፍል ነው። ሲጋራ ብቻውን የሚያመጣው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ከላይ ነው። የደሙ ውጤት ሲመጣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ከ1 ግራም በላይ መገኘት የነበረበት አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የተባለ ፕሮቲን 0.2 ግራም ብቻ ነበር።

አንዳንድ አንባብያን «ይህ የፈረንጅ በሽታ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን በሽታው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚመጣና ምን ሊደረግለት እንደሚችል እንመልከት።

ፕሮቲኑ ምን ይሠራል?

ሳንባችን በየቀኑ ከአየር ጋር የሚገቡ ጀርሞችንና ብናኞችን ሲዋጋ ይውላል። ከዚህ ውጊያ ግንባር ቀደም ተሰላፊዎች መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት የነጭ የደም ሴሎች ይገኙበታል። እነዚህ ሴሎች ከታጠቋቸው መሣሪያዎች አንዱ ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ኢንዛይሙ ፕሮቲኖችን ቆራርጦ ያፈርሳል። ችግሩ ኢላስቴዝ ወዳጅና ጠላት አለመለየቱ ነው። ሳንባ ሲነፋ የሚለጠጠውና አየር ሲወጣ መልሶ የሚሰበሰበው ኢላስቲን በሚባል እንደ ላስቲክ የሚሳብ ፕሮቲን አማካይነት ነው፤ ኢላስቴዝ ደግሞ ይህንኑ ይበላዋል።

አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው በጉበት ሲሆን፣ በደም ተጉዞ ሳንባ ይደርስና ሥራውን የጨረሰውን ኢላስቴዝ እየያዘ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ስሙ የተወሰደው በላቦራቶሪ ውስጥ ትሪፕሲን የተባለውን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ስለሚገታ ነው እንጂ፣ በሰውነት ውስጥ ዋና ሥራው ሳንባን ከኢላስቴዝ መጠበቅ ነው።

ጠባቂው ሲያንስ ኢላስቴዝ ያለ ከልካይ ይቀራል። የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ቀስ በቀስ ይፈርስና ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች የነበሩበት ቦታ ጥቂት ትልልቅና የላሉ ከረጢቶች ይተኩበታል። ይህ ጉዳት ኢምፊዚማ ይባላል። ሕመምተኛው አየር ማስገባት ብዙም አያቅተው ይሆናል፤ የሚያስቸግረው ማስወጣቱ ነው። የፈረሰው ግድግዳ ደግሞ ተመልሶ አይገነባም።

በማልሞ የተገኘው ባዶ ቦታ

የዚህ በሽታ ታሪክ የሚጀምረው እኔ ከምሠራበት አካባቢ ብዙም በማትርቀው በማልሞ ከተማ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፕሮፌሰር ካርል-በርቲል ላውሬል በከተማው ሆስፒታል ላቦራቶሪ የበሽተኞችን የደም ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል በወረቀት ላይ እየለዩ ይመረምሩ ነበር። በዚህ ዘዴ የፕሮቲን ዓይነቶች በየተራቸው እንደ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ላውሬል ወደ 1,500 ከሚጠጉ ናሙናዎች መካከል በ5ቱ ላይ አልፋ-1 የሚባለው መስመር እንደሌለ አስተዋሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «ወረቀቱ ተበላሽቷል» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር።

ላውሬል ከወጣቱ ሐኪም ከስተን ኤሪክሶን ጋር ሆነው የደሙን ባለቤቶች ማኅደር ሲያገላብጡ፣ ከ5ቱ ሦስቱ በወጣትነት ዕድሜያቸው በኢምፊዚማ የተያዙ ሆነው ተገኙ። ግኝታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከፓፓያ የሚገኘውን ፓፓይን የተባለ ፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይም በአይጦች ሳንባ ውስጥ ሲጨምሩ ኢምፊዚማ መፈጠሩን አዩ። ሁለቱ ግኝቶች ሲገጣጠሙ፣ ኢምፊዚማ የሚመጣው በአፍራሽ ኢንዛይሞችና በተከላካዮቻቸው መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ ነው የሚለው አስተሳሰብ ተወለደ። ዛሬ ሲጋራ ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተነሣው ከእነዚያ 5 ወረቀቶች ነው ማለት ይቻላል።

ጉበት ለምን ይነካል?

ፕሮቲኑን እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚያዝዘው ጂን የሚገኘው በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ጤነኛው የጂን ዓይነት «ኤም» ይባላል። ከተበላሹት መካከል በብዛት የሚታወቁት «ኤስ» እና «ዜድ» ሲሆኑ፣ ከባዱን በሽታ በአብዛኛው የሚያመጣው ዜድ ነው። በዜድ ዓይነት ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው 394 አሚኖ አሲዶች መካከል የተቀየረው አንዱ ብቻ ነው፤ በ342ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ላይሲን ይገባበታል።

ይህች ትንሽ ስሕተት ግን ፕሮቲኑ በትክክል እንዳይታጠፍ ታደርገዋለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በካምብሪጅ ዴቪድ ሎማስ፣ ሮቢን ካረል እና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ የተበላሹት ፕሮቲኖች አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካ እንደ ዶቃ ተያይዘው በጉበት ሴሎች ውስጥ ይከማቻሉ። ወደ ደም የሚወጣው ከመደበኛው መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ስሕተት ሁለት ዓይነት ጉዳት ያስከትላል፤ ሳንባ የሚጎዳው በማጣት፣ ጉበት የሚጎዳው በመከማቸት ነው። አንዳንድ ጨቅላዎች በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፤ ከጎልማሶችም የጉበት ጠባሳ አልፎም የጉበት ካንሰር የሚይዛቸው አሉ። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጉበት ችግር ሳያውቁ ይኖራሉ።

ውርሱ እንዴት ነው?

እያንዳንዳችን አንድ ጂን ከአባት፣ አንድ ከእናት እንወስዳለን። ሁለቱም ወላጆች አንድ ኤም እና አንድ ዜድ ተሸካሚ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለት ዜድ የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከሁለት አንድ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ የመሆን ዕድሉም ከአራት አንድ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ስለሚሆኑ «በቤተሰባችን እንዲህ ያለ በሽታ የለም» የሚለው አባባል ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

አንድ ዜድ ብቻ ያላቸው ተሸካሚዎች ካላጨሱ አብዛኛውን ጊዜ ሳንባቸው ደኅና ነው። ካጨሱ ግን አደጋቸው ተሸካሚ ካልሆነ አጫሽ ይበልጣል።

ዜድ በብዛት የሚገኘው በስካንዲኔቪያና በባልቲክ አገሮች ሲሆን፣ ኤስ በስፔንና በፖርቱጋል ይበዛል። በስዊድን ሁለት ዜድ ይዘው የሚወለዱት ከ1,600 ሕፃናት አንድ ገደማ ናቸው። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ዜድ እጅግ ብርቅ ነው።

ሲጋራና አልፋ-1

በሁለት ዜድ የተወለደ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በአብዛኛው ልዩነቱን የሚፈጥረው ሲጋራ ነው። የሲጋራ ጢስ በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ኒውትሮፊሎችን ወደ ሳንባ ይጠራል፤ ይህም ኢላስቴዝን ያበዛል። ሁለተኛ፣ የአልፋ-1 ፕሮቲን ኢላስቴዝን የሚይዝበትን ቁልፍ ቦታ ያበላሸዋል፤ በዚህም ያለችው ጥቂት ፕሮቲን እንኳ ሥራ ትፈታለች። ሁለት ዜድ ያለው አጫሽ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜው ትንፋሽ ማጠር ሲጀምረው፣ ያላጨሰው ግን ብዙ ጊዜ እስከ ሃምሳዎቹና ከዚያም በኋላ ሳይቸገር ይቆያል፤ ጨርሶ የማይታመምም አለ። ስለዚህ ጂኑ የተወረሰ ቢሆንም ውጤቱ ሙሉ በሙሉ የተወሰነ ዕጣ አይደለም።

ማን ይመርመር?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997፣ የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት ደግሞ በ2003 ባወጡት መመሪያ፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ያለበት ሕመምተኛ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለአልፋ-1 እጥረት እንዲመረመር መክረዋል። በተለይ ሊጠረጠር የሚገባው ኢምፊዚማ ከ45 ዓመት በታች ሲጀምር፣ ሕመምተኛው የማያጨስ ሲሆን፣ ጉዳቱ በሳንባ ታችኛው ክፍል ሲያመዝን፣ «አስም» የተባለው በሽታ ለመድኃኒት አልመለስ ሲል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ሲኖር ወይም ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ሲኖር ነው።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ በደም ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን ይለካል። አነስተኛ ከሆነ የጂኑ ዓይነት ይታያል። ለዚህም በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ስለሚበቃ ናሙናውን በፖስታ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በትኩሳትና በቁስለት ጊዜ ጉበት ይህን ፕሮቲን አብዝቶ ስለሚያመርት፣ ሰውየው በኢንፌክሽን ላይ እያለ የተወሰደ ደም በተለይ ተሸካሚዎችን ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ምርመራው ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወደ 300 በሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ትክክለኛው ምርመራ በአማካይ 7 ዓመት ገደማ እንደሚያልፍ አሳይቷል። የእኔ አናጺ ከዚያ ሃያ ዓመታት በኋላ 8 ዓመት ጠብቋል።

ሕክምናው

የመጀመሪያው ሕክምና ሲጋራን ማቆም ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቀጥሎ ማንኛውም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው የሚያገኘው ሕክምና ይሰጣል፤ የአየር ቧንቧን የሚያሰፉ በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች፣ በባለሙያ የሚመራ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮከስ ክትባት፣ አስፈላጊ ሲሆን ኦክስጅን። ጉበትን ለመጠበቅ የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ክትባት ይመከራል፤ አልኮልም መቀነስ አለበት።

ለዚህ በሽታ ብቻ የሚሰጠው ሕክምና የጎደለውን ፕሮቲን መተካት ነው። ከብዙ ለጋሾች ደም ተጣርቶ የሚወጣው ፕሮቲን በየሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 60 ሚሊግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት 4.2 ግራም ይሆናል ማለት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ይሠራል ወይ? የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና 180 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ መድኃኒቱን ያገኙት ሰዎች በሲቲ ስካን የሚለካው የሳንባ መመናመን በሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። በስፓይሮሜትሪ ውጤትና በዕለት ተዕለት ሕመም ላይ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ግልጽ ልዩነት አልታየም። መድኃኒቱ የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን እንዲቆይ ያግዛል። ለጉበቱም አይጠቅምም።

ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በዚህ ምክንያት አገሮች የተለያየ ውሳኔ ወስደዋል። በአሜሪካ በስፋት ሲሰጥ፣ የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት የሚያማክረው ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ከዋጋው አንጻር አልመከረውም።

በሽታው ሲጠና የሳንባ ወይም የጉበት ንቅለ ተከላ ይደረጋል። አዲሱ ጉበት ጤነኛውን ፕሮቲን ስለሚያመርት የጉበት ንቅለ ተከላ እጥረቱን ራሱን ያስቀራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በጉበት ሴል ውስጥ የዜድን ስሕተት ፊደሉ ላይ ሄዶ ለማረም የሚሞክሩ ሕክምናዎች በሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 በጥቂት ሕመምተኞች ላይ የተገኙት የመጀመሪያ ውጤቶች ጤነኛው ፕሮቲን በደም ውስጥ መታየት መጀመሩን ገልጸዋል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ገና በሙከራ ላይ ያለ እንጂ ፋርማሲ የደረሰ አይደለም።

ማወቅ ወይስ አለማወቅ?

ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 ባለው ጊዜ 200,000 አራስ ሕፃናትን ለዚህ እጥረት መርምራ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሰፊ ምርመራ ነው። ሥራው ግን ተቋረጠ። ጤነኛ መስሎ የተኛ ሕፃን ታቅፈው «ልጃችሁ ወደፊት ሊታመም ይችላል» የተባሉ ወላጆች በከባድ ጭንቀት ላይ ወደቁ፤ ጭንቀቱም ለዓመታት አልለቀቃቸውም። ነገሩ በዚህ አላበቃም። እነዚያ ልጆች አድገው ሲጠኑ፣ ከእኩዮቻቸው ይልቅ በጣም ጥቂቶቹ ብቻ አጫሾች ሆነው ተገኙ።

አናጺው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ፣ ምርመራው ከቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብዬ ብወለድ ኖሮ ያን የመጀመሪያ ሲጋራ አልለኩስም ነበር ማለት ነው?» አለኝ። እርግጠኛ መልስ አልነበረኝም። ግን አንድ ነገር ማድረግ እንደምንችል ነገርኩት፤ እህቱ ትመርመር። የ36 ዓመቷ እህቱ በቀን ግማሽ ፓኬት ታጨስ ነበር። መጀመሪያ አልፈለገችም። «ምንም አልሆንኩም፤ ምን አስጨነቀኝ» አለች። ወንድሟ ደረጃ ሲወጣ ካየችው በኋላ ግን ራሷ ደወለችልኝ። ውጤቷ እንደ እሱ ሁለት ዜድ ሆኖ ተገኘ፤ ሳንባዋ ግን ገና ደኅና ነበር። በዚያው ወር ሲጋራ አቆመች። በየዓመቱ የምናደርግላት የትንፋሽ ምርመራ እስካሁን በዕድሜዋ ከሚጠበቀው ብዙም አልራቀም። ወንድሟ ደግሞ ዛሬ ኦክስጅን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ከአንድ እናትና አባት፣ በአንድ ዓይነት ጂን የተወለዱ ናቸው።

ለእኛስ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ሳንባዬን የሚያመኝ አልፋ-1 ይሆን?» ብሎ እንዲጨነቅ አልፈልግም። ዜድ በእኛ ዘንድ ብርቅ ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ሲታዩ በቅድሚያ መታሰብ ያለበት አስም፣ ከቲቢ በኋላ የቀረ ጠባሳ፣ በኩበትና በማገዶ ጢስ ውስጥ የተፈጁ ዓመታት፣ ሲጋራና የልብ ሕመም ነው። ይሁንና ብርቅ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ከዜድ ሌላም ብርቅ የሆኑ የጂኑ ብልሽቶች አሉ። ከአውሮፓውያን ጋር ተጋብተው ልጆች የወለዱ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም፣ በባል ወይም በሚስት ወገን እጥረቱ ካለ ልጆቻቸው ተሸካሚ ሊሆኑ እንደሚችሉ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። እነዚህ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አይታመሙም፤ ማጨስ ግን ከሌላው ይልቅ ይጎዳቸዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የአናጺው ታሪክ ለእኛም የሚሆን ትምህርት አለው። ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ አስም የለበትም። ለወራት በመድኃኒት ያልተሻለው «አስም» እንደገና ሊመረመር ይገባዋል፤ ስፓይሮሜትሪ ሳይደረግ ዓመታትን በአንድ ስም መታከምም ትክክል አይደለም። ሕመምተኛው «ዶክተር፣ ሕመሜ አስም መሆኑ በምን ታወቀ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ሐኪሙን መድፈር አይደለም። እኔም ብሆን ብጠየቅ ደስ ይለኛል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ በየቤታችን የሚጨሰውን ግን ሕግ አይደርስበትም። ሳንባችን ምን ያህል መከላከያ ይዞ እንደተወለደ አብዛኞቻችን አናውቅም። የአናጺው እህት በጊዜ አወቀች፤ ወንድሟ ያወቀው ሳንባው ከፈረሰ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።